በዝግታ የሚሠራ ዮጋ ያጠነክራል ወይ?

«እታለም፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 39 ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ከጠዋት እስከ ማታ ከማሽን ላይ አልነሣም። ወገቤ ይደርቃል፣ አንገቴ አልዞር ይለኛል። ትልቋ ልጄ ዩቱብ ላይ የዮጋ ቪዲዮ ከፈተችልኝ። ሴትዮዋ ቶሎ ቶሎ ነው የምትሠራው። እደርስባታለሁ ስል በሁለተኛው ሳምንት ጭኔ ከኋላ በኩል ተሳበብኝ፤ ከሃያ ቀን በላይ አነከስኩ። አሁን ድኛለሁ። ዝግ ያለ ሌላ አሠራር አግኝቼ ጀምሬያለሁ፤ እሱ ደስ ይለኛል። ልጄ ግን ‹ይሄማ መተኛት ነው፣ ጉልበት አይሰጥሽም› ትለኛለች። እናቴ ደግሞ ‹የማን አምልኮ ነው ቤታችን የገባው?› ትላለች። የምከራየው ቤት አንድ ክፍል ነው፤ የስፖርት ምንጣፍም የለኝም። ምን ይመክሩኛል? ልብስ ሰፊዋ ነኝ፣ ከባሕር ዳር።»

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ወገብሽ ከጻፍሽው ይልቅ ልቤን የያዘው «እሱ ደስ ይለኛል» ያልሽው ነው። ቀኑን ሙሉ ለሰው ሲሰፋ የሚውል ሰው ለራሱ ደስ የሚለው ነገር ሲያገኝ ቶሎ መተው የለበትም። ስለዚህ ከልጅሽ ጥያቄ ልጀምር። እሱ ካልተመለሰ አንቺም በሙሉ ልብሽ አትሠሪም።

ልጅሽ ተሳስታለች። ግን እኔ ስላልኩ አትመኚኝ፤ እግርሽ ይንገርሽ። በርጩማ አምጪ። ወንበርም ይሆናል፣ እንዳይንሸራተት ግድግዳ አስደግፊው። ቁጭ በይና እንደወትሮው ብድግ በይ። ቀላል ነው አይደል? አሁን በዝግታ ተቀመጪ። እግሮችሽን የዳሌሽን ያህል ክፈቺ፣ እጆችሽን ወደ ፊት ዘርጊ። መቀመጫሽን ወደ ኋላ እየላክሽ፣ በልብሽ እስከ ስድስት እየቆጠርሽ ውረጂ። ጉልበቶችሽ ወደ ውስጥ አይግቡ፤ የእግር ጣቶችሽ ወደሚያዩበት ይዩ። አራት ላይ ስትደርሺ ጭንሽ መንቀጥቀጥ ይጀምር ይሆናል። አምስት ላይ ዘጭ ማለት ያምርሻል። ዘጭ አትበይ። በርጩማው ላይ እንቁላል ያለ ይመስል ንኪው። ከዚያ ሳትዝናኚ፣ ትንፋሽሽን እያስወጣሽ ቀስ ብለሽ ተነሺ።

እንዲህ ስድስት ጊዜ ከሠራሽ በኋላ ልጅሽን ጥሪያት። እሷም በዚያው ፍጥነት ስድስት ጊዜ ትሞክረው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቶሎ ስትነሺና ስትቀመጪ ፍጥነቱ ያግዝሻል። ሰውነትሽ ይወረወራል እንጂ ጡንቻሽ ከላይ እስከ ታች አይሸከምሽም። በዝግታ ስትሠሪ ግን የሚያግዝሽ የለም። እያንዳንዷን ስንዝር ጡንቻሽ ራሱ ይይዛታል። በተለይ ስትወርጂ። ጡንቻ እየረዘመ ክብደት ሲይዝ፣ እያጠረ ከሚያነሣው የበለጠ መሸከም ይችላል። ቀስ ብሎ መውረድ ጥሩ የጉልበት ልምምድ የሚሆነው ለዚህ ነው። በማግስቱ ደረጃ ስትወርጂ ጭንሽን የሚያምሽም በዚሁ ምክንያት ነው። እሱ ሕመም በሁለት ሦስት ቀን ይለቃል፤ አያስደንግጥሽ።

ዝግ ያለ ዮጋ ሁሉን ይሸፍናል ግን አልልሽም። ለልብና ለሳንባ መራመድ ያስፈልግሻል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ፈጠን ያለ እርምጃ እዚህ ውስጥ ይቆጠራል። ከዚህ በተጨማሪ ቢያንስ በሳምንት ሁለት ቀን ትልልቆቹን ጡንቻዎች የሚያሠራ ልምምድ ይላል። የበርጩማው ሥራ ለሁለተኛው ነው። ለመጀመሪያው ደግሞ አንቺ ያለሽው ባሕር ዳር ነው፤ በዘምባባው ጥላ ሥር እየተራመድሽ ወደ ሥራ ሂጂ። ባጃጁን በሳምንት ሦስት ቀን ብትተዪው ብዙውን ሸፈንሽ ማለት ነው።

አሁን ወደተሳበው ጭንሽ ልምጣ። እዚህ ላይ ረዘም አደርጋለሁ፤ ይሄ ስህተት እኔንም ስለጎዳኝ። ዮጋ በጀመርኩ በመጀመሪያው ዓመት ቆሜ ጎንበስ ስል ጣቶቼ መሬት አይነኩም ነበር። አንድ ቀን ዛሬስ አስነካለሁ ብዬ ወደ ታች ራሴን ወዘወዝኩ። ከመቀመጫዬ ሥር አንድ ነገር ጠቅ አለኝ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ወር ያህል ቁጭ ማለት ሕመም ሆኖብኝ ነበር። ያስተማረኝ ሕመሙ ነው ብዬ አላመሰግነውም። ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ደስ ይለኝ ነበር፤ ለዚህ ነው ለአንቺ የምነግርሽ።

ጡንቻ ውስጥ መለጠጥን የሚያዳምጡ ጥቃቅን የነርቭ ጫፎች አሉ። በድንገት ስትጎትቺው «ሊበጠስ ነው» ብለው ጡንቻው እንዲኮማተር ያደርጉታል። አንቺ ወደዚያ ትስቢያለሽ፣ እሱ ወደዚህ ይስባል። ጉዳቱ የሚመጣው እዚያ መሐል ነው። ቀስ ብለሽ ስትሄጂ ግን የነርቭ ጫፎቹ አይደነግጡም። ጥቂት ትንፋሽ ያህል ከቆየሽ ጡንቻው ራሱ ይለቃል። መጀመሪያ አካባቢ ሰው «ተፍታታሁ» የሚለው በአብዛኛው ጡንቻው ረዝሞ አይደለም፤ አእምሮው መለጠጡን መቻል ስለለመደ ነው። እሱ ደግሞ በግድ አይለመድም።

አንቺ ይሄን ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ማሽኑ ሲሰፋ ጨርቁን ከኋላ በኃይል ብትጎትቺው ምን ይሆናል? መርፌው ይጣመማል ወይ ይሰበራል። እጅሽን ጣል አድርገሽ ትመሪዋለሽ እንጂ አትስቢውም፤ የሚያስኬደው ማሽኑ ነው። ለጭንሽም እንደዚያው ሁኚለት።

የስፖርት ቀበቶ አያስፈልግሽም። ነጠላሽን አምጪ። ጀርባሽ ላይ ተኚ። ግራ እግርሽ ታጥፎ መሬት ይርገጥ። ነጠላውን በቀኝ ውስጥ እግርሽ አሳልፈሽ ሁለቱን ጫፍ ያዢ፤ እግርሽን ወደ ላይ አንሺ። ጉልበትሽ ትንሽ ይታጠፍ፣ ቀጥ አድርጊ ያለሽ የለም። ትከሻሽና ጭንቅላትሽ መሬት ላይ ይረፉ። አሁን ነጠላውን ቀስ ብለሽ ሳቢ። ከጭንሽ ኋላ መሳብ ይሰማሻል። ያኔ አቁሚ። እዚያው ሆነሽ ከሰው ጋር ማውራት ትችያለሽ? ከቻልሽ ልክ ነሽ። ጥርስሽን ከነከስሽ፣ ግንባርሽ ከተቋጠረ አልፈሻልና ለቀቅ አድርጊው። ሠላሳ ሰከንድ ያህል ቆዪና እግርሽን ቀይሪ። ተጎድቶ የነበረውን እግር ከሌላው ግማሽ ያህል ብቻ ሳቢው። መሳቡ ከጭንሽ መሐል ይሰማሽ። ከመቀመጫሽ አጥንት ሥር ጠቅ ካለሽ ግን ልቀቂው፣ ያን ቀን አትመለሺበት።

ትንፋሽን እንዴት ላድርገው ብለሽ አልጠየቅሽም። እኔ ግን ሌላው ሁሉ ቢቀር እሱ እንዲቀር አልፈልግም።

ዮጋ የሚለው ቃል የሳንስክሪት ነው፤ ሥሩ ማጣመር፣ መጥመድ ማለት ነው። ገበሬ ሁለት በሬ በቀንበር እንደሚጠምደው። እዚህ የሚጠመዱት ሰውነትና ትንፋሽ ናቸው፣ ቀልብም ከእነሱ ጋር። አንዱ በሬ ቀድሞ ከሄደ ፈሩ ይጣመማል። ያቺን ፈጣን ሴትዮ ስትከተዪ የሆንሽው እሱን ነው። ሰውነትሽ ቀድሞ ሄደ፣ ትንፋሽሽ ኋላ ቀረ፣ ቀልብሽ ደግሞ ስልኩ ላይ ነበር።

ስለዚህ ስልኩን ዝጊው። በአፍንጫሽ እስከ አራት እየቆጠርሽ ሳቢ፣ እስከ ስድስት እየቆጠርሽ አስወጪ። በደቂቃ ስድስት ትንፋሽ ማለት ነው። ትንፋሽ ሲወጣ የልብ ምት ቀስ ይላል። ስለዚህ የሚወጣው ሲረዝም ሰውነት ይረጋጋል። ስትወርጂም ስትነሺም ትንፋሹ ይምራሽ። ትንፋሽሽ ከተቆራረጠ ወይም ይዘሽው ከተገኘሽ፣ ከአቅምሽ አልፈሻል። አስተማሪ ከጎንሽ የለም፤ ስለዚህ እሱን እንደ አስተማሪ ቁጠሪው።

እኔ ጠዋት ጠዋት በጣና ዳር እሄዳለሁ። ከደንገል በተሠራ ታንኳ እንጨት ጭነው የሚመጡ ሰዎችን ቆሜ አያለሁ። የደንገል ታንኳ ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፤ በየጊዜው ዳር ወጥቶ መድረቅ አለበት። አንድ ሽማግሌ ቀዛፊ ነበሩ። መቅዘፊያውን ያጠልቁታል፣ ይስቡታል፣ ያነሡታል። ከዚያ ውኃው ከጫፉ ጠብ ጠብ ብሎ እስኪያልቅ ድረስ ይቆያሉ። ቀጥሎ በሌላው ጎን። ከኋላቸው አንድ ወጣት ቶሎ ቶሎ ውኃውን እየመታ መጣ፤ አልፏቸውም ሄደ። ዳር ሲደርስ ግን ታንኳው ላይ ተጋደመ። ሽማግሌው ሲደርሱ ወርደው እንጨታቸውን ማራገፍ ጀመሩ። ትከሻቸውን ብታዪው! ያ ትከሻ ከሩጫ የመጣ አይደለም።

የቤቱ ነገር አያስጨንቅሽ። ሰሌን ብታነጥፊ ይበቃል፤ ብቻ ሲሚንቶ ላይ እንዳይንሸራተት ከሥሩ አሮጌ ምንጣፍ ወይ ብርድ ልብስ አድርጊ። ጉልበትሽን የሚያምሽ ከሆነ ጋቢ አጥፈሽ ከሥሩ ጣል አድርጊ። ቆመሽ ስትሠሪ ግን ሰሌኑንም ምንጣፉንም ተይው፤ በባዶ እግርሽ ወለሉ ላይ ቁሚ። ቁመትሽን ሙሉ የምትዘረጊበት ቦታ ካለ ሌላ አያስፈልግሽም። ከንጋቱ 12 ሰዓት አካባቢ ልጆች ሳይነሡ ይሻላል። የባሕር ዳርን ሙቀት ታውቂዋለሽ፣ በተለይ ከመጋቢት በኋላ። ሆድሽም ባዶ ነው። ከምግብ በኋላ ከሆነ ሁለት ሦስት ሰዓት ቆዪ። በጾም ጊዜ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትቆዪ ከሆነ ጠዋት ላይ ቀለል አድርገሽ ሥሪ፤ ራስሽን ካዞረሽ ተቀመጪ፣ የዚያን ቀን በቃ።

ሌሎቹን እንቅስቃሴዎች ባጭሩ ልንገርሽ። በእጅና በጉልበት ተንበርክከሽ ጀርባሽን እንደ ድመት ወደ ላይ ማጉበጥና ወደ ታች ማሰርጎድ፤ ለደረቀ አከርካሪ እንደሱ ያለ የለም። ጀርባሽ ላይ ተኝተሽ፣ ጉልበትሽን አጥፈሽ፣ መቀመጫሽን ከመሬት ቀስ ብሎ ማንሣትና ቀስ ብሎ ማውረድ። ግድግዳ ላይ መዳፍሽን አድርገሽ በዝግታ መቅረብና መራቅ፣ ለክንድና ለደረት። አንድ እግር ከፊት፣ አንድ ጉልበት መሬት ላይ አድርገሽ ዳሌሽን ትንሽ ወደ ፊት መግፋት። ይቺን የመጨረሻዋን አትዝለያት። ስትቀመጪ የምትውዪ ሰው ነሽ፤ ከጭንሽ ፊት ወደ ሽንጥሽ የሚወጡት ጡንቻዎች አጥረው ይውላሉ። ወገብሽን የሚያደርቁት እነሱም አሉበት። በመጨረሻ ጀርባሽ ላይ አምስት ደቂቃ ተጋደሚ። ይሄኛውን ልጅሽ መተኛት ብትለው አልከራከራትም።

ሁሉም ሃያ ደቂቃ አይሞላም። በሳምንት ሦስት ቀን ጀምሪ። የበርጩማው ስድስት ሲቀልሽ ስምንት አድርጊው፤ እሱም ሲቀል ዝቅ ያለ በርጩማ ፈልጊ። ጡንቻ ቶሎ ይጠነክራል፣ ጅማት ግን ዘግየት ይላል። «አሁንማ ቻልኩት» ስትዪ ጅማትሽ ገና መንገድ ላይ ነው፤ ጠብቂው።

አሁን የእናትሽን ጥያቄ። የእናትነት ጥያቄ ነው፣ አትቆጪባቸው። የዮጋን ምንጭ ደብቀሽ አትንገሪያቸው። ከህንድ የመጣ ነው፣ ጥንታዊ ነው፣ በዚያ አገር ሃይማኖቶች ውስጥ የጸሎትና የተመስጦ መንገድ ሆኖ ቆይቷል። ዛሬ በየቤቱ የሚሠራው ግን በአብዛኛው የሰውነት እንቅስቃሴውና ትንፋሹ ነው። ከህንድ ጥንታዊ ጽሑፎች አንዱ፣ የፓታንጃሊ ሱትራ የሚባለው፣ ስለ ሰውነት አቀማመጥ ሲናገር «የጸናና የተመቸ ይሁን» ይላል። እኔ ከዚያ መንገድ የወሰድኩት ይሄን ነው። በቪዲዮው ላይ በዜማ የሚባለውን አልልም። ዝም ብዬ እተነፍሳለሁ። አንቺም ማለት የለብሽም።

እናትሽ ጠዋት ሲሰግዱ አይተሻቸው ይሆናል። ይቆማሉ፣ ይንበረከካሉ፣ መዳፋቸው መሬት ይነካል፣ ግንባራቸው ይነካል፣ ይነሣሉ። ወገብ ይታጠፋል፣ ጭን ይሸከማል። ግን ሁለቱን አንድ አታድርጊያቸው፤ ለእናትሽም እንዲያ ብለሽ አታስረጂ። ስግደቱ ለፈጣሪ ነው። ይሄ ለወገብሽ ነው። ጸሎትሽን ቀድመሽ አድርሺ፣ ከዚያ ሰሌንሽን አንጥፊ። ልብሽ እሺ ካላለሽ የንስሐ አባትሽን አማክሪ። ስሙ ከከበዳቸው ደግሞ ማፍታቻ በይው፤ ወገብሽ በስም አይጣላሽም።

አንድ ነገር በጥብቅ ልበልሽ። ሕመሙ ከወገብሽ ወደ እግርሽ የሚወርድ ከሆነ፣ እግርሽ ከደነዘዘ ወይ ከዛለ፣ ይሄን ሁሉ ትተሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ሽንትሽን መቆጣጠር ካቃተሽ፣ ወይም በጭኖችሽ መካከል መደንዘዝ ከተሰማሽ ደግሞ ለነገ አትበዪ፣ በዚያው ሰዓት ሂጂ። ግፊት ካለብሽ ትንፋሽ አትያዢ፣ ጭንቅላትሽንም ወደ ታች ዘቅዝቀሽ አትቆዪ። ግላኮማ የተባለው የዓይን በሽታ ያለበት ሰውም መዘቅዘቅ የለበትም፤ የዓይን ውስጥ ግፊት ይጨምራል። እርጉዝ ከሆንሽ ደግሞ ሐኪምሽን ሳታማክሪ ምንም አትጀምሪ።

የሥራ ቦታሽንም አልረሳሁትም። ጠዋት ሃያ ደቂቃ ሠርተሽ አሥር ሰዓት ሙሉ ጎብጠሽ ብትውዪ ወገብሽ ያንን አሥር ሰዓት ነው የሚያስበው። የክር ማጠንጠኛው ባለቀ ቁጥር ተነሺ። እሱ ሰዓትሽ ይሁን። በሩ ላይ ቁሚ፣ ሁለት እጅሽን መቃኑ ላይ አድርጊ፣ ደረትሽን ትንሽ ወደ ፊት ግፊ፣ ሦስት ትንፋሽ። አገጭሽን ወደ ጉሮሮሽ ሰብሰብ አድርገሽ አንገትሽን ቀና አድርጊ፣ ከዚያ ወደ ቀኝና ወደ ግራ በዝግታ ዙሪ። ከመቶ ሰከንድ አይበልጥም። ደንበኛ ቢያይሽ ይይሽ። ለፋሲካ ሰሞን ሥራ ሲደራረብብሽ «ዛሬስ ጊዜ የለኝም» ትያለሽ፤ እሷን ግን ያኔም አትተዪያት። ማሽኑን የምትረግጪበት እግር ሁልጊዜ አንድ ከሆነም አስተውዪ፤ ጠዋት ላይ ያንን ባት ጨምረሽ አፍታቺው።

እናትሽን ደግሞ አንድ ቀን ከበርጩማው ጋር ጋብዣቸው። ስሙን ሳትጠሪ። «እማዬ፣ እስኪ ቀስ ብለሽ ተቀመጪ፣ ቀስ ብለሽ ተነሺ፣ እኔ እቆጥራለሁ» በያቸው። ጉልበታቸውን ካመማቸው ከበርጩማ ይልቅ ከፍ ያለ ወንበር ይሁን፣ እጃቸውን ያዢ። በእሳቸው ዕድሜ ከወንበር ያለ እጅ ድጋፍ መነሣት ትልቅ ነገር ነው፤ ራስን ችሎ መኖር ከእሱ ይጀምራል። አብራችሁ ብትሠሩ የአንዱ ክፍል ቤት ጥበትም ይቀላል።

ከሁለት ወር በኋላ ጻፊልኝ። ማታ ማሽኑን ከድነሽ ስትነሺ ወገብሽ ምን እንደሚልሽ ማወቅ እፈልጋለሁ።